ሙሽራው ቁጥር ሃያ ስድስት

ማሽኑ ለሦስተኛ ጊዜ ያንኑ መልስ ሰጣት። ኬሚስቷ መነጽሯን በጋውኗ ጫፍ ጠርጋ፣ ወንበሯን ወደ ስክሪኑ አስጠግታ እንደገና አየች። መስመሩ ላይ ያለው ጉብታ እዚያው ነው። መኖር በነበረበት ቦታ ምንም የለም፤ መኖር በማይገባው ቦታ ግን እንደ ቤቱ ባለቤት ተደላድሎ ተቀምጧል።

“አይመስለኝም” አለ ከኋላዋ የቆመው ባልደረባዋ።

“ምኑ ነው የማይመስልህ? እኔ እኮ ገና ምንም አላልኩም።”

“ይሁን። ለማንኛውም አይመስለኝም።”

ሰውየው የላቦራቶሪውን ማሽኖች የሚጠግንና የሚያስተካክል ቴክኒሻን ነው። የሚናገረውን ሁሉ “አይመስለኝም” ብሎ ስለሚጀምር እናቱ ያወጣችለት ስም ተረስቶ ሁሉም “አይመስለኝም” ይለዋል። “አይመስለኝም ሻይ ሊጠጣ ወጣ” ይባላል። ማንም አይስቅም፤ ተለምዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየአጥሩ ጥግ የሚበቅል፣ ፍየል እንኳ ቀምሳ የምትተወው አንድ መራራ ቅጠል አለ። ቅጠሉ ራሱን ከተባይ ለመከላከል የሚሠራው አንድ ንጥረ ነገር አለው፤ ይኸው ንጥረ ነገር ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሞከር የደም ሥርን የሚያላላ መሰለ። ከዚያ የደም ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ፣ ግን ገና ኪኒን ያልታዘዘላቸው በጎ ፈቃደኞች ተመዘገቡ። የቅጠሉን ዱቄት በየማለዳው በሙቅ ውኃ በጥብጠው ይጠጣሉ፤ በየሳምንቱ የጤና ጣቢያ ነርስ ግፊታቸውን ትለካለች፤ እነሱም ሽንታቸውን በጠርሙስ ያስረክባሉ። የኬሚስቷ ሥራ ከዚያ ሽንት ውስጥ ሜታቦላይቶችን መፈለግ ነው። አንድ ቀን ለአባቷ ስታስረዳ፣ “ሜታቦላይት ማለት ሰውነት የገባለትን ነገር ሰባብሮ ሲጨርስ የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው። እኔ ፍርፋሪውን አይቼ ምን እንደተበላ እናገራለሁ” ብላቸው ነበር። አባቷ ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሺያን ናቸው። “ታዲያ ፖሊስ ነሽ በይኛ!” ብለው ስቀው ነበር።

ቁጥር ሃያ ስድስት የዚህ ምርምር ሙሽራ ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሰዎቹ ሁሉ በቁጥር ነው የሚታወቁት። የሌሎቹ ግፊት ትንሽ ወረድ፣ ትንሽ መለስ፣ የአንዳንዱም ጭራሽ ወጣ ሲል፣ የሃያ ስድስት ግን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሳያመነታ ወርዷል። ፕሮፌሰሯ ነገ ጠዋት ምርምሩን በሚደግፉት ሰዎች ፊት ሲቆሙ ከሁሉ አስቀድመው የሚያሳዩት የእሱን መስመር ነው። ከነገ ወዲያ ደግሞ ሬዲዮ ጣቢያ ቀጠሮ አላቸው። የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶ ስለከረመ በረዶ ውስጥ የተከማቸው ሽንት ተመርምሮ፣ ቅጠሉ በእርግጥ ወደ ሰውነቱ መግባቱን ማረጋገጥ። ለደንቡ ያህል ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ናሙና ውስጥ የቅጠሉ ፍርፋሪ አለ። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ የለም። በምትኩ ያ ጉብታ መጣ፤ የሚያሳየው ንጥረ ነገር ክብደቱም በየፋርማሲው ከሚሸጥ አንድ የግፊት ኪኒን ፍርፋሪ ጋር አንድ ነው። ቁጥር ሃያ ስድስት ደግሞ ኪኒን አይወስድም። ቢወስድ ኖሮ መጀመሪያውኑ አይመዘገብም ነበር።

“ማሽኑን በደንብ አጥበኸዋል?” አለችው።

“አጥቤዋለሁ። አንቺም አጥበሽዋል። ከዚህ በላይ ካጠብነው ይቀልጣል።”

“እንግዲያው እኔ ነኝ። ናሙና አምታትቼ ይሆናል።”

“አይመስለኝም። ሰው ቢሳሳት አንዱን ሳምንት ይሳሳታል። ሁሉንም ተራ በተራ እንዴት ይሳሳታል? ስህተትም እኮ ይደክመዋል።”

ኬሚስቷ ግራ ገባት። በእሷ ሥራ ግራ መጋባት የዕለት እንጀራ ነው፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግራ የሚያጋባት ነገር ደብዛዛ ነበር። ይኼኛው ግን ጥርት ብሎ ነው የሚታየው። አንድ ሰው ቅጠል ጠጣሁ ይላል፤ ቅጠሉ የለም። ኪኒን አልወሰድኩም ይላል፤ ኪኒኑ አለ። ሆኖም በሰዎቹ ሁሉ መሐል ከቅጠሉ የተጠቀመው እሱ ነው። በየትኛው ጫፍ እንደምትይዘው ጠፋት።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

“እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ። ደኅና ናችሁ?”

“ደኅና ነን። ዝም ብዬ ነው የደወልኩት።”

እናቷ ዝም ብለው ደውለው አያውቁም።

“ምን ሆንሽ?”

“ምንም አልሆንኩ። ጠዋት ስነሣ ቤቱ ትንሽ ዞረብኝ። አሁን እኔም ተቀምጫለሁ፣ ቤቱም ተቀምጧል።”

“ኪኒንሽን ወስደሻል?”

“ድርሻዬን ወስጃለሁ።”

“የምን ድርሻ? ኪኒን ደግሞ ድርሻ አለው እንዴ?”

“አባትሽ እየጠራኝ ነው። ሥራሽን ሥሪ በይ።” ስልኩ ተዘጋ።

እናቷ ያሉትን ልታስብበት ስትል በሩ ተከፈተና ፕሮፌሰሯ ገቡ። ሁልጊዜ የሚቸኩሉ፣ ሲቸኩሉም ደስ የሚላቸው ሴት ናቸው። ነገ ሊለብሱት ያሰቡትን ኮት ዛሬ ለብሰው እየለመዱት ነው።

“እህሳ፣ ሙሽራችን እንዴት ነው?” አሉ።

“ፕሮፌሰር፣ ግራ የገባኝ ነገር አለ” አለችና አሳየቻቸው። የጠፋውን ቅጠልና የመጣውን ጉብታ እያመላከተች የኪኒኑንም ነገር ነገረቻቸው። ይቆጣሉ ብላ ነበር የጠበቀችው። እሳቸው ግን ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ሲያዩ ፊታቸው እየፈካ ሄደ።

“ይኼ ሰው ቅጠሉን ሌላ ነገር አድርጎ የሚሰባብር ቢሆንስ? ክብደታቸው አንድ ሆኖ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ እኮ! የእሱ ሰውነት ቅጠሉን ተቀብሎ ኪኒኑን የሚመስል ነገር ቢሠራበትስ? ለዚህ ይሆናል ከሁሉም በላይ የሠራለት። ልጄ፣ ይኼ ችግር አይደለም፤ ግኝት ነው!”

ኬሚስቷ ለጥቂት ጊዜ አመነቻቸው። ማመን ደስ ይል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጥሮ ውስጥ የለም ብሎ የሚምል የለም፤ የሰው ጉበት ከየትኛውም ላቦራቶሪ የተራቀቀ ነው።

“አይመስለኝም” አለ ቴክኒሻኑ ከጥግ።

ፕሮፌሰሯ ዞረው አዩት። “አንተን ማን ጠየቀህ?”

“ማንም። ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሰውየው ቅጠሉን እንደማንም ሰው ነው የሰባበረው። በሁለተኛው ሳምንት ጉበት ቀየረ እንዴ?”

ፕሮፌሰሯ ኮታቸውን አስተካከሉ። “ዛሬ ማታ ደውለሽ አንድ ነገር ንገሪኝ” አሏት ኬሚስቷን። “ወይ አለ፣ ወይ የለም። ግራ ገባኝ የሚል ነገር ይዤ ሰው ፊት አልቆምም።” ወጡ።

“የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አለ ቴክኒሻኑ በሩ ከተዘጋ በኋላ።

“አንተ ደግሞ አታብዛው።”

“አላበዛሁም። ይልቅ ጠርሙሶቹን አይተሻል? አንቺ የምታገኚው በትንንሽ ብልቃጥ ተቀድቶ ነው። ዋናው ጠርሙስ ታች ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ቁጥሩ የተለጠፈው በሌላ ሰው ጠርሙስ ላይ ቢሆንስ?”

አብረው ወረዱ። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ሰው ሲናገር ትንፋሹ ይታያል። ቴክኒሻኑ የሃያ ስድስትን ሳጥን ስቦ አውጥቶ ክዳኑን ከፈተ። ጠርሙሶቹ በተርታ ቆመዋል፤ ቁጥራቸውም ትክክል ነው። ከሌሎቹ የሚለዩበት ነገር ግን ነበራቸው። እያንዳንዱ ክዳን እንዳያፈስ ዙሪያውን በጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ተጠምጥሟል።

“ጥንቁቅ ሰው ነው” አለ ቴክኒሻኑ። “ከፍተው የቀዱትም ልጆች ናስትሮውን መልሰው ለጥፈውለታል። ተመልከች እስቲ፣ ጫፉ ላይ…”

ኬሚስቷ አይታዋለች። የናስትሮው ጫፍ ታጥፎ በራሱ ላይ ተጣብቋል፤ በጣት ይዞ ለመሳብ የሚመች ትንሽ ጆሮ ተበጅቶለታል። ሁሉም ጠርሙስ ላይ እንዲሁ ነው። ይህችን ጆሮ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃታለች። በቤታቸው በተጠገነ ገመድ፣ በቴሌቪዥኑ ሪሞት፣ በእናቷ ድስት እጀታ ላይ ስታያት ነው ያደገችው። “አጥብቀሽ እሠሪ፤ ነገ ለሚፈታው ሰው ግን ጆሮ ተዪለት” ይሏት ነበር አባቷ፣ መሰላል ላይ ቆመው ሽቦ እያቀበለቻቸው።

“አባቴ ነው” አለች።

“የቱ?”

“ሃያ ስድስት።”

ቴክኒሻኑ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ አይመስለኝም አላለም። ሳጥኑን ቀስ ብሎ ዘጋው። እሷ እዚያው ብርዱ ውስጥ ቆማ እያለች የእናቷ ቃል ትዝ አላት። ድርሻዬን ወስጃለሁ። እናቷ ለዓመታት የሚወስዱት ኪኒን ያው ሽንቱ ውስጥ የተገኘው ኪኒን ነው። እዚያ ላይ ግራ መጋባቷ ወደ ፍርሃት ተለወጠ።

“ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር” አለ ቴክኒሻኑ። “አሁን ማሽን ሆነ።” አልሳቀችለትም። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ስሚኝ። የተመራማሪ ቤተሰብ መግባት ክልክል ነው። ይኼ ከታወቀ ከምርምሩ የምትወጪው አንቺ ነሽ። ጠርሙሶቹ ከእጄ ወድቀው ተሰበሩ ልበል? እኔን ማንም አይቆጣኝም፤ ለምደውታል። ሃያ ስድስት ከቁጥር ይወጣል፤ ነገሩም ያበቃል።”

“እሱ ሲወጣ ምን ይቀረናል?”

“ያው፣ ይሠራል እንዳይባል አይሠራም፣ አይሠራም እንዳይባል ትንሽ ይሠራል።”

“እናቴ ጋ ልሂድ” አለች።

አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ስትሄድ ሐሳቧ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። አባቷ ለምን? እሳቸው እኮ ለራስ ምታት እንኳ ኪኒን የማይውጡ ሰው ናቸው። ወይስ እሷ ናት ሁሉንም ነገር የምታጋንነው? ናስትሮ የትም ይሸጣል፤ ጫፍ የሚያጥፍ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው እንዴ? አንድ ፌርማታ አልፋ ወርዳ ወደ ኋላ መመለስ ነበረባት።

በሩን የከፈቱት አባቷ ናቸው። “ዶክተሬ! በሥራ ቀን?” አሉ በደስታ። ዶክተር አይደለችም፤ እሳቸው ግን ገና ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠሯት።

“አባዬ፣ ቁጥርህ ስንት ነው?”

“የምን ቁጥር?”

“ሃያ ስድስት ነህ?”

አባቷ የበሩን መቀርቀሪያ ይነካኩ ጀመር። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ መጣ፤ “ነገርኩህ! ያ ማሽን ምስጢር አይጠብቅም ብዬ ነገርኩህ!”

እናቷ መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ተቀምጠዋል። ፊታቸው ቀልቷል፤ ግንባራቸውን በእጃቸው ደገፍ አድርገውታል። ኬሚስቷ ከላቦራቶሪ ይዛ የመጣችውን የግፊት መለኪያ ከቦርሳዋ አውጥታ ምንም ሳትናገር ክንዳቸው ላይ ጠመጠመችው። እንዲህ ያለ ቁጥር እናቷ ላይ አይታ አታውቅም።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ግማሽ የምትወስጂው?”

“እሱ ከለመነኝ ጀምሮ” አሉ እናቷ። “አግብቶኝ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ለምኖኝ አያውቅም፤ ያዛል እንጂ። አንዴ ቢለምነኝ እንዴት እምቢ ልበል? ስንት ዓመት ከአንድ ሳህን በልተን፣ በአንድ ኪኒን እንጣላ?”

ኬሚስቷ ለነርሷ ደወለች። ነርሷ የሆነውን ሰምታ አንድ ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ የቀረውን ግማሽ አሁኑኑ ይውሰዱ፣ ይረፉ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ለኩ፣ ካልወረደ ወይ የባሰ ራስ ምታት ከመጣ ሳትዘገዩ ወደ እኔ አምጧቸው አለች። አባቷ ይህን ሁሉ ቆመው ሰሙ። ከዚያ ሄደው ከራሳቸው ትራስ ሥር በወረቀት የተጠቀለለ ግማሽ ኪኒን አምጥተው በሚስታቸው መዳፍ ላይ አኖሩት። ውኃውንም ያቀረቡት እሳቸው ናቸው።

“አሁን ንገረኝ” አለች ልጃቸው።

“መጀመሪያ ጠጥቼው ነበር” አሉ አባቷ ተቀምጠው። “ያን ሳምንት አንድም ቀን ሳላጓድል ጠጥቻለሁ። ሆዴ አልቀበልም አለ፤ የጠጣሁትን ግማሹን ይመልሰዋል። በመጨረሻ ነርሷ ጋ ብሄድ ግፊቴ ጭራሽ ጨምሯል። ምን ላድርግ? የልጄ ቅጠል አልሠራም ተብሎ ሲጻፍ ቁጭ ብዬ ልይ?”

“አባዬ፣ እንዲያ እንዲጻፍ እኮ ነው! ካልሠራ አልሠራም እንዲባል ነው የምንሞክረው! ሌሎቹም አልሠራልንም ብለዋል።”

“እነሱ አባቶችሽ አይደሉም።”

ልትቆጣ የያዘችው ቁጣ እጇ ላይ ቀለጠ።

“ስትመዘገብስ? ምርምሩ ውስጥ ዘመድ አለህ ወይ ተብለህ አልተጠየቅክም?”

“ተጠይቄያለሁ። የለኝም አልኩ።”

“እኔን?”

“አንቺ ልጄ ነሽ። ልጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ዘመድ የሆነው?”

“የኛ ቤት ተገላቢጦሽ ነው” አሉ እናቷ ከወንበራቸው። “አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ ሲባል ነበር የምሰማው። እዚህ ልጅ ዳኛ፣ አባት ቀማኛ።” ቀልድ ከቻሉ ትንሽ ተሽሏቸዋል ማለት ነው። ኬሚስቷ መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱንም አላደረገችም።

“ዱቄቱስ?” አለች። “በየሳምንቱ የተሰጠህን የት አደረስከው?”

አባቷ ወደ ግድግዳው አመለከቱ። ከግድግዳው ማዶ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊው ቤት ነው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል። አባቷ ግድግዳውን በጡጫ መታ መታ ሲያደርጉ ድምፁ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ገባ።

“ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ!” አላት ገና ከበሩ። “ያ መራራ ነገር ስንት ዘመን ያሰቃየኝን ራስ ምታት ነቅሎ ጣለልኝ። እንደ ሕፃን ነው የምተኛው። አልቆብኝ ነበር፤ አመጣሽ እንዴ?”

ኬሚስቷ ወደ አባቷ አየች። አባቷ ኮራ ብለው ተቀምጠዋል፤ አየሽ የሚሉ ይመስላሉ።

“ጋሼ፣ ግፊት አለብዎት?”

“ማን ለክቶኝ ያውቃል! ራሴን ያመኝ ነበር፤ አሁን አያመኝም። ሌላ ምን ልወቅ?”

አስቀምጣ ለካችው። ደኅና ነው፤ እንዲያውም ለዕድሜው በጣም ደኅና ነው። ቁጥሩን ደጋግማ አየችው። እንግዲህ በየማለዳው ሳያጓድል ቅጠሉን የጠጣው፣ ምንም ኪኒን ያልነካው፣ አሁን ግፊቱ የተስተካከለው ሰው ይኸው ነው። ማንም የመዘገበው የለም፤ ቁጥር የለውም፤ አንድም ጠርሙስ አላስረከበም። ቀድሞ ግፊቱ ስንት እንደነበረ የሚያውቅ ደግሞ በምድር ላይ የለም። ምናልባት እንደ አሁኑ ነበር።

“ራስ ምታቱ የተወዎት ቅጠሉን በጀመሩ ጊዜ ነው?”

“በዚያው ሰሞን ነው። ዱቄቱን ስጀምር፣ መነጽሬንም ስቀይር…”

“መነጽር ቀይረዋል?”

“ድሮ በዚያኛው መነጽር የመርፌ ቀዳዳ ማየት ቀርቶ መርፌውንም አላይም ነበር። አሁን ይኸው።” አዲሱን መነጽር አውልቆ አሳያት።

ኬሚስቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ክር ይዛ ስትጎትት ነበር፤ ይኸው አሁን ጭራሽ ተወሳሰበ። ልብስ ሰፊው የሠራው ጥፋት ያለ መስሎት፣ “ቢላክልኝ ግን እጠጣዋለሁ” ብሎ በዝግታ ወጣ። የስፌት መኪናው ድምፅ እንደገና ተጀመረ።

“ስለዚህ ይሠራል ማለት ነው” አሉ አባቷ።

“አላውቅም፣ አባዬ።”

“ከኔ የወሰድሽውን ቁጥር ለዚህ ሰውዬ ስጪው። እሱን ጻፊ። ጠጣ፣ ተሻለው። ከዚህ ወዲያ ምን አለ?”

“እሱ ደግሞ መነጽር ቀየረ። አንተ ኪኒን ወሰድክ። እማዬ ኪኒን ቀነሰች። ምን የምን እንደሆነ አላውቅም።”

“ይኼን ሁሉ ዓመት ተምረሽ?”

“ይኼን ሁሉ ዓመት ተምሬ።”

አባቷ በጣም አዘኑ። ስለ ራሳቸው አይደለም፤ ፊታቸው ላይ ያስታውቃል። ልጃቸው አላውቅም ስትል ሰምተው አያውቁም ነበር። እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ጋደም ብለዋል። ኬሚስቷ እንደገና ለካቻቸው፤ ገና ከፍ ያለ ነው፤ ግን መውረድ ጀምሯል።

“ነገ ስብሰባው ላይ ምን ይባላል?” አሉ አባቷ ቀስ ብለው።

“ማታ ለፕሮፌሰሯ ልደውልላቸው ቀጠሮ አለኝ።”

“ያባርሩሻል?”

“ከዚህ ምርምር ያስወጡኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።”

አባቷ አሰቡ፤ ከዚያም የመጣላቸውን መላ በሹክሹክታ ነገሯት። “ታዲያ ጠርሙሱ ተሰበረ አትይም?”

ያን ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ሳቋ ሲያልቅ ግን ነገሩ እዚያው ነበር። ጠርሙሱ ቢሰበር ፕሮፌሰሯ ነገ ያለ ሙሽራ ቆመው ስለ ሌሎቹ ያወራሉ፤ ከነገ ወዲያም በሬዲዮ ይናገራሉ። ሌሎቹስ? ከሌሎቹስ ውስጥ ስንቱ አባት ነው? ስንቱ ከሚስቱ፣ ከእህቱ፣ ከጎረቤቱ ተካፍሏል? የሁሉንም ሽንት እንደገና ለኪኒን መመርመር አለባት፤ ለምን ብለው ሲጠይቋት ደግሞ ምክንያቱን መናገር አለባት። ምክንያቱ ደግሞ ይኸው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ጥፍሩን ያያል። ሬዲዮውን የሚሰማ ሌላ ቤትም አለ፤ እዚያም መስኮት ሥር የተቀመጠች፣ ኪኒኗን ጥላ ቅጠል የምትበጠብጥ ሴት ትኖራለች።

ስልኳን ይዛ ተነሣች። ውጪ ወጥታ፣ አባቷ ሳይሰሙ ለመናገር አስባ ወደ በሩ ሄደች። እጀታው በጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሟል። ሳታስበው ጣቷ ጫፉን ፈልጎ ትንሿን ጆሮ አገኛት። እዚያው ቆመች። እሷ ውጪ ሆና የምትናገረው ነገር እሳቸውን ጥፋተኛ ያደርጋቸዋል፤ እዚህ ተቀምጣ ብትናገረው ደግሞ ያሳፍራቸዋል። የትኛው እንደሚሻል እርግጠኛ አልነበረችም። ብቻ ዛሬ ከጀርባ የተደረገ ነገር በዝቶባታል።

ተመልሳ ከአባቷ አጠገብ ተቀመጠች። የፕሮፌሰሯን ስልክ ቁጥር ነካች፤ ድምፁንም ሁሉም እንዲሰማው ከፍ አደረገችው። አባቷ ሊነሡ ሲሉ እጃቸውን ያዘች። እጃቸው ሻካራ ነው፤ አልጎተቱትም።

“እህሳ!” አሉ ፕሮፌሰሯ። “ሙሽራችን የት ደረሰ?”

“እዚህ አጠገቤ ተቀምጧል” አለች። “አባቴ ነው።”